የዳኛው አፍ

ሰኞ 6

እሺ ብዬ መጣሁ። አሁን ቁጭ ብዬ ለምን እሺ እንዳልኩ አስባለሁ።

የፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ለትምህርት ቤቱ የሠራሁትን የርዕሰ መምህርቷን ምስል አይቶ ነው የጠራኝ። ወንበር እንኳ ሳይሰጠኝ ጀመረ። "አንድ ትልቅ ሰው በጡረታ ሊሰናበቱ ነው። ምስላቸው መግቢያው አዳራሽ ላይ ይሰቀላል፣ በዘይት ቀለም። ቶሎ ይደርሳል?" እኔም ማን እንደሆኑ ሳልጠይቅ "ይደርሳል" አልኩ። የሰው ፊት ከሠራሁ አምስት ወር አልፎኛል። ሱቅ በር ላይ ጥርስና ጫማ ስስል ነው የከረምኩት። ከዚያ ፎቶውን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

ያንን ፊት አውቀዋለሁ። አስራ ስምንት ዓመት ተጭኖታል፣ ፀጉሩ ሸሽቷል፣ ጉንጩ ወርዷል። አፉ ግን ያው ነው። ወንድሜ ላይ አራት ዓመት የፈረደው አፍ።

"ምነው፣ የሚከብድ ፊት ነው?" አለኝ ኃላፊው።

"የለም። ፊት ፊት ነው" አልኩት።

ለእማዬና ለወንድሜ የአንድ ጡረተኛ ምስል አገኘሁ ብያቸዋለሁ። አልዋሸሁም። ጡረተኛ ነው።

ማክሰኞ 7

ያኔ ለወንድሜ መመስከር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ይሠራበት የነበረው መጋዘን በተዘረፈ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ከእኔ ጋር ቤት ውስጥ ነበር፤ እማዬ አክስታችን ጋ ሄዳ ስለነበር ከእኔ ሌላ ያየው የለም። የችሎቱ ቀን አውቶቡሱ ዘገየብኝ። ስደርስ በሩ ተዘግቶ፣ ተፈርዶ አልቋል፤ ዳኛውን ሲወጣ ብቻ ነው ያየሁት። ይኸው ነው።

ሸራ ወጠርኩ፣ አንድ ሜትር በሰማንያ። በጣቴ ሳንኳኳው እንደ ከበሮ መለሰልኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ!

ዓርብ 10

የመጀመሪያው ቀን። ማክሰኞና ዓርብ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ለአስር ሳምንት እንዲቀመጡልኝ ነው የጠየቅኩት። ኃላፊው ሲሰማ ራሱን ያዘ። "ሃያ ቀጠሮ? ሰው ሲከሰስም ይህን ያህል አይመላለስም! ፎቶውን አይተሽ አትገለብጪም?" አልኩት፣ "ፎቶ አንዲት ቅጽበት ነው፤ እኔ የምፈልገው ሰውየውን ነው።" እንዲህ ስል ራሴን አደነቅኩ።

ዳኛው ደረጃዬን ቀስ ብለው ወጡ። የምሠራበት ክፍል ከልብስ ሰፊዋ ሱቅ በላይ ነው፤ የስፌት መኪናዋ ከሥር ሲያጓራ ወለሉ በትንሹ ይነዝራል። ወንበሩ ላይ ልክ ችሎት እንደተቀመጡ ሆነው ተቀመጡ።

"ምን ላድርግ?" አሉኝ።

"ምንም።"

"ምንም ማድረግ አልችልበትም" አሉ። ቀልድ መሆኑ ነው። አልሳቅኩም።

በከሰል ነደፍኩ። አገጩን ዝቅ፣ ትከሻውን ለቀቅ፣ ዓይኑን ወደ መስኮቱ እያልኩ አዘዝኳቸው። ያልኩትን ሁሉ አደረጉ። ደስ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ አልመረምርም።

ማክሰኞ 14

ቡናማውን በቀለም ማቅጠኛው፣ በአኳራጅ፣ አቅጥኜ ጥላውን ብቻ ጣልኩ። ጥሩ ቀን። እጄ አልረሳም።

ሐሙስ 16

ዝናብ። ቀለም አይደርቅም፣ ልብስ አይደርቅም፣ ደብተሩ ራሱ ረጥቧል። በዚህ ወቅት አንዱ ንጣፍ እስኪደርቅ ስድስትና ሰባት ቀን ይፈጃል። ከሥር ያለው ሳይደርቅ ከላይ ከቀባሁ ነገ ይሰነጠቃል። ከሥር ቀጭን፣ ከላይ የተልባ ዘይት የጠገበ፤ ሕጉ ይህ ነው። ሕግ ያለው ፍርድ ቤት ብቻ አይደለም።

ስለዚህ የምሠራው መጠበቅ ነው። ብሩሽ አጥባለሁ፣ ሸራውን አያለሁ፣ እቀመጣለሁ። ምሳ ያመጣችልኝ እማዬ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

"ዛሬም ቁጭ ብለሽ ግድግዳ ታያለሽ?"

"ቀለሙ እስኪደርቅ ነው እማዬ። ቀስ በቀስ ነው።"

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ። ያንቺው እንቁላል ገና አስኳል ነው።"

እኔ ግን ይህን መጠበቅ እወደዋለሁ። ዛሬ ያየሁት ፊት በሳምንቱ ስመለስበት ሌላ ሆኖ ይጠብቀኛል። ስህተቱን እኔ ሳልፈልገው ራሱ ወጥቶ ይቆማል። ስቸኩል የሠራሁት ነገር ሁሉ ሲያሳፍረኝ ነው የኖረው።

ጨርቅ ጣል አደረግኩበት። እማዬ ዓይኗ ደክሟል፤ ግን ምን ይታወቃል።

ማክሰኞ 21

ወንድሜ እማዬን አስከትሎ የፍሬሙን ልክ ሊወስድ መጣ። የእንጨት ሥራ የተማረው እዚያው ታስሮ ሳለ ነው፤ አሁን በከተማው እንደሱ ማዕዘን የሚያገጥም የለም። ጨርቁን ሊገልጥ እጁን ሲዘረጋ "አይነካም፣ እርጥብ ነው!" ብዬ ጮህኩበት።

"እሺ እትዬ፣ ምን አስጮኸሽ? ጡረተኛው ራቁቱን ነው እንዴ?"

እማዬ እስክታለቅስ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እሱ ሲስቅ የሚጎድለው ጥርስ ይታያል። እዚያ ነው የወለቀው። አንድም ቀን ስለዚያ ነገር አንስቶ አያውቅም፣ አንድም ቀን። ባነሳው እመርጥ ነበር።

ዓርብ 24

ግንባሩ መጣ!

እንዴት ብዬ ልጻፈው? ሁለት ሳምንት ሙሉ ጭቃ ነበር። ዛሬ ከግራ ቅንድቡ በላይ ከጠብታ ያነሰች ቢጫ ጣል ሳደርግ፣ ከሥሯም ትንሽ አረንጓዴ ቢጤ፣ ድንገት አጥንት ሆነ። ከኋላው ሰው ያለበት ግንባር። ብሩሹን ይዤ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ ከግድግዳው ጋር ተጋጨሁ። ዳኛው "ደህና ነዎት?" አሉኝ። "በጣም ደህና ነኝ" አልኳቸው።

በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ፤ ዣንጥላዬን እጄ ላይ ይዤ መዘርጋት ረሳሁ።

ማክሰኞ 28

አፉ አልመጣም። ሦስት ጊዜ ሠራሁት፣ ሦስት ጊዜ በቢላ ፋቅኩት።

ልብስ ሰፊዋ ክር ልትዋስ ወጥታ አየችው። "ግንባሩ አባት ነው፣ አፉ ግን የእንጀራ አባት" ብላ ወረደች።

ዓርብ 1

አፉ አልመጣም።

ማክሰኞ 5

ቶሎቶሎ መጣ። እማዬ ናት ኃላፊውን በዚህ ስም የጠራችው፤ ስለሱ ስነግራት "የቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ" ብላ ተረተች፣ ስሙም ቀረበት። በብብቱ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ሲዘረጋው የዳኛው ፎቶ ነው፣ ሸራ የመሰለ ጨርቅ ላይ በማሽን የታተመ።

"በአንድ ቀን ነው የደረሰልኝ" አለ። "ተመልከቺ፣ የሸራው ክር ሁሉ አለበት። ቅባት ነገር ከላይ ቢደረግበት ማን ይለየዋል?"

እውነት ለመናገር ጥሩ ፎቶ ነው። ዳኛው ፈገግ ብለዋል። ለማንም የሚሆን ፈገግታ ነው።

"በሚቀጥለው ወር ሃያ ነው ስንብቱ" አለ። "የአንቺ ካልደረሰ ይኸኛው ይሰቀላል። ከደረሰም... ያው እናያለን።" ሸራዬን ሲያይ ዓይኑ አፉ ላይ፣ ማለት አፉ መኖር ያለበት ባዶ ቦታ ላይ ቆመ።  ባይልም ሰማሁት።

ረቡዕ 6

አራት ሳምንት ከፊት ለፊቴ የተቀመጠ ሰው አፍ እንዴት ያቅተኛል? በደንብ ነው የማየው። ጠባብ፣ ወደ ታች ያዘመመ፣ ጠርዙ የደረቀ። ያየሁትን ሳስቀምጥ ግን ጭራቅ ይሆናል። ግንባሩ እየታዘበኝ ነው።

ያን ቀን ዝናብ ነበር። መንገዱ በጎርፍ ተዘግቶ ነበር፤ አውቶቡሱ የዘገየው ለዚያ ነው።

ማክሰኞ 12

ዓይኖቹ አለቁ። ቀኝ ዓይኑን ስጨርስ ልብስ ሰፊዋን ጠራኋት፤ ከበሩ እንደገባች "እንደምን ዋሉ" ብላ ሰላምታ ሰጠች። ለሸራው! ዳኛው ከሄዱ ሰዓት አልፏቸዋል። ሳይታወቃት ነው፤ ሲታወቃት አፏን ያዘች። ለዚህ ለዚህ ነው የምኖረው።

አፉ ግን...

ዓርብ 15

ነገርኳቸው።

ልነግራቸው አላሰብኩም ነበር። ብሩሼ የታችኛው ከንፈር ላይ ነው። ከሥር የልብስ ሰፊዋ መኪና ቆሞ ጸጥ አለ፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ የራሴን ድምፅ ሰማሁት።

"ከአስራ ስምንት ዓመት በፊት ወንድሜ ላይ ፈርደዋል።"

አልተንቀሳቀሱም። እንዳይንቀሳቀሱ አዝዣቸዋለሁና። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መጋዘኑን፣ አብሮኝ መዋሉን፣ የተዘጋውን በር፣ አራቱን ዓመት፣ ጥርሱን።

ከንፈራቸው ተከፈተ። "መናገር..."

"አይናገሩ! አፍዎን እየሠራሁ ነው።"

ተዘጋ። እኔም ሠራሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ እሳቸው ዝም ብለው ሰሙ፣ እኔ ተናገርኩ፣ ቀባሁም።  በሕይወቴ እንደዚያ ቀጥ ብዬ ቆሜ አላውቅም።

ብሩሹን ሳስቀምጥ "አሁን ይናገሩ" አልኳቸው።

 "አላስታውሰውም" አሉ። "ልዋሽሽ እችል ነበር። አላስታውሰውም።" "አንቺ" ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው። ኮታቸውን አንስተው ወረዱ።

ከዚህ በኋላ ተመልሰው አይመጡም። ቶሎቶሎ ፎቶውን ይሰቅላል። አይቆጨኝም። ማለት፣ ይቆጨኛል፤ ግንባሩ ይቆጨኛል።

ማክሰኞ 19

መጡ።

ከቀጠሯቸው ሩብ ሰዓት ቀድመው ደረጃው ላይ ቆመው አገኘኋቸው፣ ዝናቡ ኮታቸውን አርሶታል። አልተቀመጡም።

"መዝገቡን ከማኅደር ቤት አስወጥቼ አነበብኩት" አሉ። "ወንድምሽ 'እህቴ እየመጣች ነው፣ ጥቂት ይጠበቅልኝ' ብሏል። ጸሐፊው ጽፎታል። ከሥሩ በእኔ እጅ ጽሑፍ 'ጥያቄው ውድቅ ሆኗል' ይላል። ሌላ ቀጠሮ መስጠት እችል ነበር። የሚከለክለኝ ሕግ አልነበረም። በዚያ ቀን አስራ አንድ መዝገብ ነበረብኝ፣ ቸኩያለሁ። ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ከዚህ የተሻለ ፈልጌ አጣሁ።"

የማውቀውን ሁሉ ጽፌ፣ ፈርሜ መዝገቡ ውስጥ አስገብቻለሁ አሉ። ፍርዱን አይሽረውም፤ ቢያንስ ግን የሚያነበው ሰው ያያል።

ከዚያ ተቀመጡ። አገጫቸውን ራሳቸው ዝቅ አደረጉ፣ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

እኔ ግን መቀባት አልቻልኩም። "ዛሬ ይበቃናል" አልኳቸው።

ረቡዕ 20

ለራሴ ደብተር መዋሸት ምን ይሉታል?

አውቶቡሱ አልዘገየም። ጎርፍም አልነበረም። ካፊያ ነበር።

በዚያ ጠዋት የመመረቂያ ፈተናዬ ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ ሥራዬን አቅርቤ፣ አራት ሰዓት ችሎት እደርሳለሁ ብዬ አሰላሁ። ያቀረብኩት የወንድሜን ምስል ነው። መጋዘኑ በተዘረፈ ቀን ቀኑን ሙሉ የዋለው ለእኔ ተቀምጦ ነው፤ ለዚያ ነው ምስክሩ እኔ ብቻ የሆንኩት። መምህራኑ ሥራዬን አይተው ሲጨርሱ ሦስት ሰዓት ተኩል አልሞላም። መሄድ እችል ነበር። አንደኛው መምህር ግን "እስቲ ቆይ፣ ይህን ዓይን እንዴት አመጣሽው?" አለኝ። ሌላው ጠጋ አለ። ሌሎችን ጠሩ። ሰው ሲያደንቀኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ለመወደስ ነው የቆየሁት። ግማሽ ሰዓት፣ አርባ ደቂቃ። ዘጠና ሁለት አገኘሁ። እሱ አራት ዓመት አገኘ።

ከዚያ ወዲህ የቤተሰቤን ፊት ሠርቼ አላውቅም። እንግዲህ ተጻፈ።

ዓርብ 22

የራሴንም ነገርኳቸው። ዳኛው አልገሰጹኝም፣ አላጽናኑኝም። ረጅም ሰዓት ሰምተው "ስንት ዓመትሽ ነበር?" አሉኝ። "ሃያ አራት" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔ አርባ ሰባት ነበርኩ።" 

ከዚያ ወደ ሸራው ዞርኩ፣ አፉም መጣ።

ስድስት ሳምንት ያቃተኝ ነገር በአንድ ከሰዓት! ለካ ወደ ታች ያዘመመው ጠርዝ ጭካኔ አልነበረም። እኔ ነኝ ያንን የምጨምርበት። ሰውየው ከንፈሩን ከውስጥ ይነክሳል፣ በግራ በኩል፣ በትንሹ። ቃል ከመውጣቱ በፊት የሚመዝን አፍ ነው፤ አንዳንዴ ሳይመዝን እንዳወጣም የሚያውቅ። ሮዙን በቡናማ አደብዝዤ፣ ሁለቱ ከንፈሮች በሚገናኙበት መስመር ላይ አንዲት ቀጭን ጥቁር ሰማያዊ ሳብ አደረግኩ፣ በአንድ ትንፋሽ። ቆመ። ሳልነካው ተውኩት! መተው ነው ትልቁ ሙያ።

ይህን አፍ አልጠላሁትም። አላቆላመጥኩትምም። ያለውን ነው ያስቀመጥኩት። እንዲህ ሠርቼ አላውቅም፤ ከእኔ በፊት ማንም ባይለኝ እኔ ለራሴ ብዬዋለሁ።

ቅዳሜ 30

ቶሎቶሎ መጥቶ አየ። "ይሄ... ግርማ ሞገስ ይጎድለዋል። የሚያስቡ ይመስላሉ።"

"ዳኛ ቢያስብ ምን ክፋት አለው?"

"ትንሽ ፈገግ ብታደርጊያቸው?"

"አይሆንም" አልኩት። ይህን ቃል ለደንበኛ ስለው ሰምቼ አላውቅም። ደግሜ አልኩት፣ እንዳልረሳው።

"እንግዲያው ሁለቱንም አዳራሽ አመጣለሁ" አለ። "ዋዜማው ላይ እሳቸው ራሳቸው ይመርጣሉ።"

ሐሙስ 5

ወንድሜ አየው።

ለእማዬ መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ ነው። ፍሬሙን ተሸክሞ መጥቶ፣ ልኩን ሊያይ ጨርቁን ገልጦታል። ስመለስ ወንበር ስቦ ከሸራው ፊት ቁጭ ብሏል። ፍሬሙ ጉልበቱ ላይ ነው። 

"ልነግርህ ነበር" አልኩ።

 እንደ እንጨት ሥራ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። እንደገና ጀመርኩ፤ አውቶቡሱን አይደለም፣ እውነቱን። ፈተናውን፣ ውዳሴውን፣ አርባውን ደቂቃ። አንገቴን ደፍቼ ነው የነገርኩት።

"አውቃለሁ እኮ" አለ።

"ምኑን?"

"ፈተናው ላይ እንደነበርሽ። እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ነግራኛለች።"

አስራ ስምንት ዓመት! "ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?"

"አንቺ ስታነሺው እናወራለን ብዬ። አላነሳሽውም።"  "መጀመሪያ ላይ ተናድጄብሽ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል። አልዋሽሽም። በኋላ ግን... ዘጠና ሁለት አመጣሽ አይደል? በማን ፊት ነው ያመጣሽው? በእኔ ፊት። እዚያ ላሉት ሁሉ 'የእኔ ፊት ዘጠና ሁለት ያመጣል' እያልኩ ጉራዬን ስነፋ ነው የኖርኩት።"

አለቀስኩ። እሱ ደግሞ ሳለቅስበት አይወድም፤ ወደ ሸራው አመለከተኝ።

"አፉ ልክ ነው። ጆሮውን ግን አሳንሰሽዋል።"

"ጆሮውን?"

"እትዬ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ፊት ለፊቱ ቆሜያለሁ። ዓይኑን ማየት ስላልቻልኩ ጆሮውን ነበር የማየው። ከዚህ ይበልጣል። የታችኛውም ጫፍ ወደ ፊት ይታጠፋል።"

ማክሰኞ 10

ዳኛው ሲቀመጡ መጀመሪያ ያየሁት ጆሯቸውን ነው። ወንድሜ ልክ ነው! ሁለት ወር ሙሉ አይቼ አላየሁትም። ጥላውን ዝቅ፣ ጫፉን ወደ ፊት። ፊቱ በሙሉ ቦታ ቦታውን ያዘ፤ ሰውየው አሁን የሚሰማ ሰው ሆነ።

ጨረስኩ። የመጨረሻው ማብረቂያ፣ ቫርኒሹ፣ ግን ቀለሙ በደንብ እስኪደርቅ ስድስት ወር መጠበቅ አለበት፤ ቶሎቶሎ ሲሰማ ሊወድቅ ነበር።

ሐሙስ 19

በችኮላ ነው የምጽፈው፣ እጄ ግን አይቸኩልልኝም።

ከሰዓት በኋላ ምስሉን አዳራሹ ውስጥ ሊሰቅል የሄደው ወንድሜ ነው፤ እኔም ተከትዬ። ቶሎቶሎ የታተመውን ፎቶ ከግድግዳው ሥር አስደግፎታል። ዳኛው ገቡ። ሁለቱን ጎን ለጎን አዩ። ፎቶው ፊት የቆሙት ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ ነው። ሸራው ፊት ግን ቆዩ። ቆዩ። ጆሯቸውን በእጃቸው ነካ ሲያደርጉ አየኋቸው።

"ይኸኛው እኔ ነኝ" አሉ። "ያኛውን ለልጅ ልጆቼ ስጧቸው።"

ቶሎቶሎ ፎቶውን ጠቀለለ።

ወንድሜ በዚህ ጊዜ መሰላል ላይ ነው፣ ብሎን በጥርሱ ይዞ። ዳኛው ፍሬሙን አዩ፣ ወደ ላይም ወደ እሱ አዩ፤ ማን እንደሆነ ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። ወደ መሰላሉ ጠጋ ብለው እግሩን ያዙት፣ የመሰላሉን ማለቴ ነው።

"ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልነግርህ..." ብለው ጀመሩ።

"አንድ ብሎን ቀርቶኛል" አለ ወንድሜ ከላይ።

ጠበቁት። መሰላሉን ይዘው፣ ቀና ብለው ጠበቁት። እሱም አልቸኮለም። ብሎኑን አጠበቀ፣ በውሃ ልክ ለካ፣ የፍሬሙን ጠርዝ በእጅጌው ወለወለ። ከዚያ ወረደ። ቁመታቸው እኩል ነው ለካ።

"አሁን ይንገሩኝ" አለ።

ዳኛው ለእኔ የነገሩኝን ሁሉ ነገሩት፤ "ይጠበቅልኝ" ያለውን፣ ውድቅ ያደረጉትን፣ የቸኮሉትን። በመጨረሻም "በድዬሃለሁ" አሉት፣ በዚያ አፍ፣ ግራውን ነከስ አድርገው።

ወንድሜ እስከ መጨረሻው ሰማቸው። "ሰምቻለሁ" አለ። ይቅር ብያለሁ አላለም። እጁን ግን ዘረጋ፣ ተጨባበጡ። ከዚያ መሰላሉን ትከሻው ላይ አድርጎ እያፏጨ ወጣ። እያፏጨ! እማዬ ማታ ሁሉንም ስነግራት "ፉጨቱን ከልጅነቱ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም" አለች።

ዓርብ 20

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ጠበቆች፣ ጸሐፊዎች፣ የዳኛው ቤተሰብ፣ ጉዳይ ሊያስጨርስ መጥቶ የተደባለቀ ሰውም አለ። እማዬን ከፊት ወንበር አስቀምጠናታል፤ ልብስ ሰፊዋ በገዛ እጇ የሰፋችላትን ቀሚስ ለብሳለች።

መጋረጃው ሲነሳ ጭብጨባ ጠብቄ ነበር። አልተጨበጨበም። ጸጥ አለ፣ ልክ እውነተኛ ሰው ገብቶ እንደቆመባቸው። ከኋላ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ "ወይ ጉድ፣ ሊናገሩ ነው!" አለች። ያኔ አዳራሹ ፈረሰ፤ ጭብጨባው፣ ሳቁ፣ ግፊያው። የዳኛው ሴት ልጅ መጥታ እጄን ያዘች። "አባቴ ከመናገሩ በፊት እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ከቤተሰብ ሌላ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር" አለችኝ። ቶሎቶሎ ራሱ ለእንግዶቹ "በዘይት ቀለም ነው፣ አስር ሳምንት ፈጅቷል፣ ቀልድ አይደለም" እያለ ሲያስረዳ ሰማሁት። ይበለው።

እማዬ ደካማ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየችው። "ይሄ ነው?" አለች።

"ይሄ ነው እማዬ።"

 "አሳምረሽ ሠርተሽዋል። እኔ ብሆን ይህን ያህል አልታገሠውም ነበር።" ከዚያ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። "ስምሽ የታል?"

የለም! በጥድፊያው ሳልፈርም ቀርቻለሁ። ዳኛው ሰሟት። "ስም የሌለው ጽሑፍ በዚህ ቤት አይጸናም" አሉ፣ ሰውም ሳቀ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁልጊዜ አንዲት ቀጭን ብሩሽ አለች፤ ትንሽ ቀይ ቀለምም በወረቀት ጠቅልዬ ይዣለሁ። ወንድሜ ወንበር አምጥቶ ከምስሉ ሥር አቆመልኝ፣ ሁለት እግሩንም በሁለት እጁ ያዘ።

ወጣሁ። ከኋላዬ ቶሎቶሎ "ንግግሩ ግን... ሰዓት ሄዷል" ሲል ሰማሁ። ማንም አልመለሰለትም። ጠበቆቹ ቆመዋል፣ ጸሐፊዎቹ ቆመዋል፣ ዳኛው ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል።

"እትዬ፣ አትቸኩዪ" አለኝ ወንድሜ ከታች።

አልቸኮልኩም። የመጀመሪያውን ፊደል ጻፍኩ፣ ብሩሹን ነከርኩ፣ ሁለተኛውን ጻፍኩ። ከዚያ የአባታችንን ስም፣ እሱም እኔም የምንጠራበትን፣ እስከ መጨረሻው ፊደል።